«በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚቆም ሰው እንዳይጠፋ

«ባክህ ተረት አታውራልን!»

ይህች አነጋገር ዛሬ የሹሙም፣ የነጋዴውም፣ የተማረውም የአፍ ማሟሻ ሆናለች። ስለ ፍትሕ ስታነሣ «ተረት ነው»፤ ስለ እኩልነት ስታነሣ «ህልም ነው»፤ ስለ አገር ስታነሣ ደግሞ «እንጀራውን አምጣ!» ትባላለህ። ተጨባጩን እንጂ የማይጨበጠውን መስማት የሚፈልግ የለም። እኔ ደግሞ የምለው ሌላ ነው፦ ተረቱን ከወሰዳችሁብን እንጀራውም አይቆይልንም!

እስቲ ከእንጀራው እንጀምር። ሉማሜ ገበያ እንውረድ። ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። ገበሬው አርሶ፣ አርሞ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ ያመጣውን ጤፍ አስረክቦ ምን ይቀበላል? ወረቀት! አይበላ፣ አይለበስ፣ አይዘራ። ታዲያ ገበሬው ሞኝ ነው? ኧረ በጭራሽ! ነገ እሱም ወረቀቷን ሲሰጥ የሚቀበለው ሰው እንዳለ አምኖ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የብር ኖት መቀየሩን ሲያውጅ ለአሮጌዎቹ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች የሦስት ወር ዕድሜ ሰጣቸው። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ቀለማቸው አልለቀቀም፣ ወረቀታቸውም አልተቀደደም። የለቀቀው እምነቱ ነው። «ተጨባጭ» የምትሉት ገንዘብ እንኳ የቆመው በእምነት ነው።

ገንዘብ እንዲህ ከሆነ ፍትሕማ ምን ይሁን? እስቲ ወደ ገበያው ተመለሱና «አንድ ቁና ፍትሕ ስፈሩልኝ» በሉ። ይሳቅባችኋል። ፍትሕ በቁና አይሰፈርም፣ በኪሎ አይመዘንም። የብቸናን ጥቁር አፈር ብትቆፍሩት አይወጣም፤ ከጮቄ ተራራ በሚወርደው ውኃም አይመጣም። ሰው በልቡ ፀንሶ፣ አለ ብሎ አምኖ፣ እንዳለም ሆኖ ሲኖርለት ብቻ ይኖራል።

አባቶቻችን ይህን የነገራቸው ፈላስፋ አልነበረም። ሁለት ሰዎች ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ፣ ባዶ እጁን የሚያልፍ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ሲል የተነሣው ዱላ አየር ላይ ይቀር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ያለ ፖሊስና ያለ ካቴና ዳኛ ፍለጋ ይጓዙ ነበር። ያቺን ቋጠሮ እኮ ሕፃን ልጅ ይፈታታል! ያሰራቸው ጨርቁ አልነበረም። «በሕግ ከሄደችው በቅሎዬ ይልቅ ያለ ሕግ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ያለውን ባላገር ልብ በሉት። በቅሎ ስንት ታወጣለች? ጭብጦስ? በነጋዴ ሒሳብ ከሄድን ሰውየው አብዷል። በፍትሕ ሒሳብ ከሄድን ግን የእሱን ያህል ጤነኛ የለም።

ይኼ እምነት ከየት ይመጣል? ከፍርድ ቤት መዝገብ አይደለም፤ ከምድጃ ዳር ነው። የአህያዋን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ይህ መዓት የመጣብን በማናችን ኃጢአት ነው?» ብለው ይናዘዛሉ። ሦስቱ አውሬዎች የሰው ከብት መብላታቸውን ሲናገሩ «ይኼማ ምን ኃጢአት አለው!» እየተባባሉ ይተላለፋሉ። አህያ ግን «ጌታዬ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወጋ ከመንገድ ዳር ሣር ነጭቻለሁ» ስትል «አገር ያጠፋሽው አንቺ ነሽ!» ብለው ይበሏታል። እኔም እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ በዚህች ተረት ተናድጄ ነው ያደግሁት። የተናደድኩት ለማን ነው? ላልነበረች አህያ! ላልነበረች አህያ መናደድ የለመደ ልጅ ነው ሲያድግ ለጎረቤቱ የሚጮኸው። ይህን ንዴት ከልጅነቱ ያልቀመሰ ሰው የሕግ ዲግሪ ቢደራርብ አንቀጽ ይጠቅስ ይሆናል እንጂ ግፍን አይጠላም።

ታሪካችንም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ ሳትቀር የጣሊያንን ገዢነት አውቃለች። በብዙ የዓለም መንግሥታት ወረቀት ላይ ኢትዮጵያ የምትባል ነፃ አገር አልነበረችም። ብቸና ላይ ግን ነበረች! አባ ኮስትር በላይ ዘለቀና ተከታዮቹ የሌለችውን አገር እንዳለች ቆጥረው ተዋጉላት፤ በ1933 ዓ.ም.ም እውነትም ኖረች። የሚያሳዝነው ያቺው አገር ጥር 1937 ዓ.ም. በላይን አዲስ አበባ ላይ በስቅላት መግደሏ ነው። እምነት አገር ያቆማል። የቆመችው አገር ላመነባት ሰው መታመን ግን ሌላ ሥራ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ አበጀ በለው የሚባል ገበሬ ባላገሩን አስተባብሮ ፊታውራሪ መሸሻን «እምቢ» ይላል። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የብቸና ገበሬ በእውን ተነሣ። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ርስታችንን ያስለካል፣ ኋላም ያስነጥቃል ብሎ ሠጋ። መጽሐፉን አንብቦ ተነሣ አልልም፤ አብዛኛው ፊደል አልቆጠረም ነበር። ደራሲውም ገበሬውም የቀዱት ግን ከአንድ ምንጭ ነው፤ «ደሃ እምቢ ማለት ይችላል» ከሚል እምነት። ጦር ዘመተበት፣ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ።

ይህን ስል እምነት ሁሉ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። ሌባሻይም እኮ እምነት ነበር! ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይጠጣና፣ እየተደናበረ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት «ሌባ» ይባል ነበር። ስንት ንጹሕ ሰው ተበላሽቶበታል! ታዲያ መለያው ምንድነው? ቀላል ነው። ደካማው ተጣርቶ የሚድንበት እምነት ፍትሕን ይወልዳል። ኃይለኛው ደካማውን የሚጎትትበት እምነት ግን ሌባሻይ ነው፤ ባንዲራ ቢያለብሱትም፣ «ልማት» ብለው ቢጠሩትም።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። 48 ሰዓት! ጥይት የለው፣ አጥር የለው፤ ቃል ብቻ ነው። ኩታ ለኩታ እንደ ተቋጠረችው ቋጠሮ፣ የሚያምንበት እስካለ ድረስ ከብረት ይጠነክራል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝን ፈቀደ፤ ተራዝሞም አሥር ወር ቆየ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. አበቃ። ሰው ልብ ውስጥ የፈረሰውንስ ማን ያነሣዋል? በሌላ በኩል ደግሞ መንገደኛ አግቶ ገንዘብ የሚጠይቅ መጣ። የታገተው «በሕግ አምላክ!» ቢል አጋቹ ይስቅበታል። የታሰረው «48 ሰዓቴ አለፈ» ቢል አሳሪው ይስቅበታል። ሁለቱ ሳቆች አንድ ናቸው! ሁለቱም «ተረት አታውራ» ማለት ናቸው።

እናንተ ሥልጣን ላይ ያላችሁ ሆይ! በየስብሰባው «የሕግ የበላይነት» የሚል ጨርቅ ትሰቅላላችሁ፤ ስትወጡ ራሳችሁ ትረግጡታላችሁ። ሕዝብ ግን የሚያየው ጨርቁን አይደለም፤ እግራችሁን ነው። እምነት ከአንዴ በላይ ከተካደ በአዋጅ አይመለስም። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወታደር ልታቆሙ ነው፤ ለወታደሩስ ማንን ታቆሙበታላችሁ?

እኛም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ጎረቤታችን ሲወሰድ በመስኮት አጮልቀን፣ መጋረጃውን መልሰን፣ «ምን አገባኝ» ያልን ዕለት አህያዋን ከበሉት መሐል ነን። መፍትሔው ሰማይ አይደለም። ለልጅ ተረቱን መንገር፣ በተረቱም ሲናደድ «ዝም በል» አለማለት፤ የታሰረን መጠየቅ፣ ስሙን መጥራት፣ የቀኑን ቁጥር መያዝ ነው። ፍትሕ የሌለ ቢመስልም እንዳለ ሆነን ካልቆምንለት ሊመጣ የሚችልበት ሌላ መንገድ የለውም።

«በሕግ አምላክ!» የሚል ሰው ዛሬም አለ። እንዳይጠፋ የሚያሠጋኝ ቃሉን ሰምቶ የሚቆመው ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል!