የቁም እንስሳት ግብይት ሕግና የዋግ አነስተኛ የፍየል ነጋዴ

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819 የሀገሪቱን የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የግመል ገበያ በሁለት ደረጃ አደራጅቶታል። በመጀመሪያው ደረጃ አርቢው እንስሳውን ለነጋዴና ለአድላቢ ያቀርባል። በሁለተኛው ደረጃ ነጋዴውና አድላቢው ለላኪዎችና ለኤክስፖርት ቄራዎች ያስረክባሉ። በመካከል ገብቶ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው የብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀትና የንግድ ሥራ ፈቃድ እንዲይዝ ይጠበቃል። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች በኩል ለሚመለከተው አደረጃጀቱ ግልጽ ነው። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ቆላ አምስት ስድስት ፍየል ገዝቶ ወደ ሰቆጣ ለሚነዳ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ግልጽ አይደለም። ይህ ሰው ጠዋት ከአርሶ አደሩ ይገዛል፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው ሜዳ ለሥጋ ቤት፣ ለትልቅ ነጋዴ ወይም ለበዓል አንድ ወጠጤ ለሚፈልግ ቤተሰብ ይሸጣል። ሁለቱን ደረጃዎች በአንድ ቀን ያልፋቸዋል።

ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። የሀገሪቱ ታሪክ ቁጥጥር የሌለበት የእንስሳት ዝውውር የሚያስከፍለውን ዋጋ በሚገባ ያውቀዋል። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ፈጅቶ፣ የሰሜኑን ደጋ አርሶ አደር ያለ በሬ አስቀርቶ ክፉ ቀን የተባለውን የረሃብ ዘመን አስከትሏል። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። በቅርቡ ዘመንም በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በተቀሰቀሰ ጊዜ የአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት ንግድ ለዓመታት የዘለቀ እገዳ ገጥሞታል። ፍየሉ ከየት እንደ መጣ፣ መከተቡንና በየትኛው ገበያ እንዳለፈ ማወቅ ያስፈለገው ለዚህ ነው። የእንስሳት በሽታዎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994ም የእንስሳት ዝውውር ቁጥጥርን የሕግ መሠረት አስይዞታል።

ስለዚህ መመርመር ያለበት ቁጥጥሩ ይኑር አይኑር የሚለው ሳይሆን ወጪው በማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በነጋዴ ልክ እንጂ በፍየል ቁጥር ልክ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ለምዝገባ፣ ለብቃት ማረጋገጫና ለፈቃድ ሁለት ቀን ተመላልሶ የሚጨርስ ሰው ስድሳ ፍየል ቢጭን፣ የሁለቱ ቀን ድካም ለስድሳ ይከፋፈላል፤ ስድስት የሚነዳው ግን ያንኑ ሁለት ቀን በስድስት ፍየል ብቻ ይሸከመዋል። በእያንዳንዱ ፍየል ላይ የሚያርፈው ሸክም አሥር እጥፍ ነው። ትርፉ በአንድ ራስ እጅግ ጠባብ ለሆነበት ንግድ ይህ ልዩነት ከገበያ የመውጣትና ያለ መውጣት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የዋግ መልክዓ ምድርም ሸክሙን ያከብደዋል። ከተከዜ ሸለቆ እስከ ሰቆጣ ያለው ቁልቁለትና አቀበት በካርታ ላይ እንደሚታየው ርቀት አይደለም፤ የነጋዴው ማጓጓዣም ብዙውን ጊዜ የገዛ እግሩ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ጊዜ ነው። የአነስተኛው ነጋዴ ዓመት የሚቆጠረው በጾምና በፍስክ ነው። በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀናት የሥጋ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ዋጋም ይወርዳል። ነጋዴው በጾሙ መገባደጃ ገዝቶ በፋሲካ ዋዜማ ይሸጣል፤ ገናና እንቁጣጣሽም እንዲሁ ናቸው፤ ለአረፋም የራሱ ፈላጊ አለው። አንድ የምስክር ወረቀት በሳምንት ቢዘገይ በጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ ቀላል መዘግየት ነው። ለዚህ ሰው ግን ፋሲካው ያልፋል፤ ያልተሸጠውን ፍየል እስከሚቀጥለው ዐውደ ዓመት መቀለብ ይኖርበታል፤ መኖ በሚጠፋበት ወቅት ደግሞ ፍየሉ በዚህ መካከል ይከሳል። የአገልግሎት አሰጣጥ ጊዜ ሲወሰን የሥራ ቀናት እንጂ የዐውደ ዓመት ቀናት አለመታየታቸው የሚያስገርም ነው፤ የገበያው ሁሉ ምት ያለው በዚያ ነውና።

በዚህ ሁኔታ አነስተኛው ነጋዴ ሁለት አማራጭ ብቻ ይቀሩታል። አንደኛው በትልቅ ነጋዴ ፈቃድ ሥር ገብቶ በእርሱ ስምና በእርሱ ዋጋ መሥራት ነው፤ ሁለተኛው ከመዝገብ ውጭ በጎን መንገድ መንዳት ነው። በመጀመሪያው የነጋዴው ነጻነት ይጠፋል፤ በሁለተኛው ደግሞ ሕጉ ሊከላከለው የተነሳው አደጋ ራሱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያልተመረመረ ፍየል ከወረዳ ወረዳ ይዘዋወራልና። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ግን በንግዱ ውስጥ ጨርሶ የሌለው አርቢው ነው። በሰኔና በሐምሌ እህል ለመሸመት አንዲት ፍየል ይዞ የሚወጣ አባወራ ዋጋ የሚያገኘው ገዢዎች ሲበዙ ነው። አምስት ገዢ የነበረበት ሜዳ አንድ ገዢ ብቻ ቢቀርበት፣ የተጠራውን ዋጋ ተቀብሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ አይኖረውም፤ ፍየሏን ይዞ መመለስ ማለት እህሉን ትቶ መመለስ ነውና።

የአበርገሌ ፍየል ለዋግ ቤተሰብ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የወተትም ምንጭ መሆኗ ጉዳዩን ያሰፋዋል። የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የታወጀው ቃል ኪዳን ስሙን ያገኘው ከሰቆጣ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ፒ.ፒ.አር. የተባለውን የበግና የፍየል በሽታ እስከ 2022 ዓ.ም. ከዓለም ለማጥፋት ተነስተዋል። ሁለቱ ግቦች በአንድ ዓመት ቢገጣጠሙ አጋጣሚ ነው፤ በአንድ ጋጣ ውስጥ መገናኘታቸው ግን አጋጣሚ አይደለም። በእነዚህ ሜዳዎች ሕጋዊ መንገድ ውድ ሲሆን በሽታን መከታተልም አብሮ ይዳከማል።

በአካባቢው የሚሠሩ ተገልጋዮች አንድ መለያ ጠንቅቀው ማወቅ ይገባቸዋል። በራሱ በረት ያረባውን የሚሸጥ አርሶ አደር በንግድ ሕጉ እንደ ነጋዴ አይቆጠርም፤ አንድ ሁለት ፍየል ይዞ ገበያ በመውጣቱ የንግድ ፈቃድ ሊጠየቅ አይገባውም። ለመሸጥ ብሎ ከሌላ ሰው የሚገዛ ግን፣ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም፣ በነጋዴነት ይታያል። ይህ ሰው ወደ ወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ መታወቂያውን ይዞ፣ የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነና ምን እንደሚያሟላ አስቀድሞ ጠይቆ ቢነሳ ምልልሱ ይቀንስለታል። እንስሳቱን ከወረዳው ውጭ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ማረጋገጫ ማግኘት ይኖርበታል። ኬላ ላይ ደርሶ መመለስ ከሁሉም የከፋው ኪሳራ ነው። በርካታ አነስተኛ ነጋዴዎች በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢደራጁ በግል የሚያወጡትን የምልልስና የጭነት ወጪ ሊጋሩት ይችላሉ፤ ሆኖም የኅብረት ሥራ ማኅበርም የራሱ ሒሳብ አያያዝና ኦዲት ስላለው ለሁሉም ሰው መፍትሔ ተደርጎ ሊቀርብ አይገባም።

በሕጉ ላይ ማሻሻያ በሚታሰብበት ጊዜ ሁሉ መነሻ መሆን ያለበት ፈቃዱንና የጤና ቁጥጥሩን ለይቶ ማየት ነው። የጤና ምርመራው ለስድሳም ለስድስትም ፍየል እኩል ሊጠብቅ ይገባዋል፤ በሽታ የነጋዴውን አቅም አይጠይቅምና። ፈቃዱ ግን በሚነዳው ቁጥር ልክ ሊቀልል ይችላል፤ ከተወሰነ ቁጥር በታች ለሚነግድ ሰው በገበያው ሜዳ ላይ በአንድ ቀን የሚያልቅ ምዝገባ ይበቃዋል። የእንስሳት ጤና ባለሙያውና የንግድ ጽሕፈት ቤቱ መዝጋቢ በገበያ ቀን በአንድ ጥላ ሥር ቢቀመጡ ነጋዴው ወረቀቱን ሊያገኝ የሚችለው ፍየሉን ባሰረበት ቦታ ነው። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የሁለት ጽሕፈት ቤቶች የሥራ ፕሮግራም ስምምነትና ከበዓላት በፊት ባሉት ሳምንታት የሚጨመር አንድ የሰው ኃይል ይበቃዋል።