የዕቁቡ ገንዘብ፦ ለአዲስ ባጃጅ ወይስ ላገለገለ?

ዕቁብ በደረሳት እናት ቤት መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ገንዘቡን በምን ላይ እናውለው?» የሚል ነው። በወረታ ከተማ መልሱ ብዙ ጊዜ ባጃጅ ሆኖ ይገኛል። ክርክሩ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ባል አዲሱን ካልሆነ ይላል፤ ወንድም ያገለገለ በርካሽ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ ይላል፤ ጎረቤትም የበኩሏን ትጨምራለች። ከደመወዟና ከጉሊቷ ቀንሳ በየሳምንቱ ስትከፍል የከረመችው እናት ግን «ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?» ተብላ ከምክሩ ትገለላለች። የዛሬው ጽሑፋችን ለእርሷ ነው።

እንደሚታወቀው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ከሚገነጠለው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በ1970ዎቹ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው ሩዝም ከተማዋን የሩዝ መፈልፈያና የነጋዴ መናኸሪያ አድርጓታል። ስለዚህ ለባጃጅ ተሳፋሪ አይጠፋም። ነገር ግን ይኸው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሲፈሱ ውኃው ሜዳው ላይ ይተኛል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ ማፈናቀሉን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ባጃጅ ደግሞ ጎማው ትንሽ፣ ሆዱም ለመሬት የቀረበ ነው። ለባሕር ዳር አስፋልት የሚሠራው ምክር ለፎገራ ሙሉ በሙሉ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

በውጭው ዓለም ስለ ተሽከርካሪ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «አዲስ ዕቃ ከመደብር በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋው በብዙ ይወርዳልና ያገለገለ ግዙ» የሚል ነው። እኛ አገር ግን ይህ ምክር እንዳለ አይወሰድም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሲወደድ ያገለገለውም አብሮ ተወዷል። ሁለትና ሦስት ዓመት የተሠራበት ተሽከርካሪ ሻጩ ከገዛበት በላይ ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ስለሆነም «ያገለገለ ርካሽ ነው» ብለው አይነሡ። የሁለቱን ዋጋ በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያስፍሩ። ካገለገለው ዋጋ ላይ የስም ማዛወሪያውን፣ የጎማውንና መካኒኩ «ቶሎ ይለወጥ» የሚለውን ሁሉ ይደምሩ። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ከአዲሱ ዋጋ ሩቡን እንኳ ካልሞላ፣ አቅም ያላት እናት አዲሱን ብትገዛ ይሻላታል። አዲሱ ቢያንስ የዋስትና ጊዜና የሚታወቅ ታሪክ አለው።

አቅም ስንል የተቆጠረውን ገንዘብ ብቻ ማለታችን አይደለም። ዕቁቡ ስንተኛ ላይ እንደ ወጣልዎ ያስቡ። መጨረሻ ላይ ከወጣልዎ ገንዘቡ የራስዎ ነው፤ ያገለገለ ገዝተው ለአሥር ቀን ጋራዥ ቢቆም ኪሳራው የአሥር ቀን ገቢ ነው። መጀመሪያ ላይ ከወጣልዎ ግን በእጅዎ ያለው ብድር ነው። ሞተሩ ወርዶ ሳለም የዕቁቡ ዳኛ እሑድ ይጠብቅዎታል። ዋስ የሆነችልዎ ጎረቤትም አብራ ትጨነቃለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ካገለገለው ርካሹን መግዛት ትልቁ አደጋ ነው። ያለዎትን ሁሉ አሟጠው አዲሱን መግዛትም ያው ነው፤ ለመድኑና ለነዳጁ መነሻ የሚሆን አይተርፍዎትም። ያገለገለ ለመግዛት ከቆረጡ ከዋጋው አንድ አራተኛ የሚሆን ገንዘብ ሳይነካ በባንክ ይቀመጥ።

ገቢውንም ሲያሰሉ በወር 30 ቀን አይበሉ። የጥገና ቀን አለ፤ የበዓልና የለቅሶ ቀን አለ፤ በማደያ ሰልፍ የሚባክን ቀን አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። 22 ቀን ብለው ያስቡ። ለማስላት ያህል፣ የባጃጁ ዋጋ ሾፌሩ ከሚያስገባው የ500 ቀን ገቢ ጋር እኩል ነው እንበል። በ30 ቀን ሒሳብ ገንዘብዎ በ17 ወር ገደማ ይመለሳል፤ በ22 ቀን ሒሳብ ግን 23 ወር ይፈጃል። ይህም ዘይትና ጎማ ሳይቀነስ ነው። ዕቁቡ በዓመት የሚያልቅ ከሆነ ቀሪው ክፍያ ከየት እንደሚመጣ አሁኑኑ መታወቅ አለበት።

ያገለገለውን ለማየት ሲሄዱ ማልደው ይሂዱ። ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሣው ይንገሩት፤ ሲደርሱም በእጅዎ ዳሰስ ያድርጉት። ሞቆ ከጠበቀዎት የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ያረጀ ሞተር ሲሞቅ እንደ ጤነኛ ይነሣልና። ከተነሣ በኋላ ጭሱን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ የማያቋርጥ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ፒስተኑና ፋሻው ደክሟል፤ ሞተር ማውረድ ይመጣል። ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ወጥ ሲያር በሽታው የምታውቅ ሴት ዘይት ሲቃጠልም ታውቃለች።

የዘይቱን መለኪያ አስወጥተው ይመልከቱ። ጥቁር ቢሆን ያገለገለ ዘይት ነው፤ ይለወጣል። ቡና በወተት ከመሰለ ግን ውኃ ገብቶበታል። የፎገራን ጎርፍ ያነሣነው ለዚህ ነው። የወለሉን ምንጣፍ ያስነሡ፤ ከሥሩ ዝገት፣ በየጥጋቱም የደረቀ ጥቁር ጭቃ ካለ ባጃጁ ውኃ ውስጥ ቆሟል። በቅርብ ቀለም የተቀባ ሆድ ካዩ ለምን እንደ ተቀባ ይጠይቁ። ሻንሲው ላይ የብየዳ ጠባሳ ካለ፣ ወይም የፊት ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ፣ ተገልብጦ ወይም ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል። ጎማውን ከመሬት አስነሥተው በእጅ ሲያሽከረክሩት የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ እንኳ ቀላል ወጪ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን አይመኑት፤ ሊነቀል ይችላል። ከቆጣሪው ይልቅ የፍሬኑ ፔዳል ጎማና የሾፌሩ መቀመጫ እውነቱን ይናገራሉ። በመጨረሻም ሦስት ሰው አሳፍረው ዳገት ያስወጡት፤ ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ እዚያ ላይ ይታወቃል። መካኒኩን ይዘው የሚሄዱት እርስዎ ይሁኑ፤ ሻጩ ያመጣው መካኒክ የሻጩ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንለፍ። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜው አለማለፉን፣ በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እግድ አለመያዙን በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። «ስሙን በኋላ እናዛውራለን፤ ለጊዜው ውክልና ልስጥዎ» የሚል ሻጭ ብዙ ነው። አይቀበሉት። ውክልና በማናቸውም ጊዜ ሊሻር ይችላል፤ ሰጪው ሲሞትም ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ስሙ ካልተዛወረ ነገ አደጋ ሲደርስ ሻጩም ገዢውም አብረው መጉላላታቸው አይቀርም።

ሌላም ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። የሻጩ ሚስት ታውቃለች ወይ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ ተንቀሳቃሽ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በየትኛውም በኩል ቢሆን ሚስትየው ቀርባ ትፈርም። አንደኛ ለእርስዎ መተማመኛ ነው፤ ሁለተኛም ሌላዋ ሴት የልፋቷ ፍሬ ከኋላዋ እንዳይሸጥባት ይጠብቃታል። የእርስዎስ ባጃጅ በማን ስም ይመዘገባል? በትዳር የተገዛ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ቢሆንም የዕቁቡን ደብተርና የባንክ ወረቀቱን አይጣሉ።

ስለ ኤሌክትሪኩ ባጃጅ የሚጠይቁ አሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወሬ በየቤቱ ገብቷል። የማደያን ሰልፍ ማስቀረቱ ትልቅ ነገር ነው። ባገለገለው ላይ ግን የሚገዙት በአብዛኛው ባትሪውን መሆኑን አይርሱ፤ ባትሪው የደከመ ከሆነ የቀረው ቆርቆሮ ነው። አንድ ጊዜ ሞልቶ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ በቃል አይቀበሉ፤ ሙሉ ቀን አሠርተው ይዩት። መብራት በሚጠፋበት ቀን የት እንደሚሞላም አስቀድመው ይጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ግን መሪውን ማን እንደሚይዘው ይወሰን። ሾፌር የሚቀጥሩ ከሆነ የባለ ሦስት እግር መንጃ ፈቃዱን በዓይንዎ ይዩ፤ የቀን ገቢውን፣ ዘይት የሚለውጠው ማን እንደ ሆነና ማታ የት እንደሚያድር በጽሑፍ ይስማሙ። አንዳንድ ቤት ደግሞ የሾፌር ገንዘብ ለማትረፍ ሲባል የ11ኛ ክፍል ልጅ ከትምህርቱ ይነሣል። ያን ጊዜ በወረቀቱ ላይ የደመርነው ዋጋ ሁሉ ይለወጣል፤ አዲስም ተገዛ ያገለገለ፣ የልጁ የትምህርት ዓመት እዚያው ላይ መደመር አለበት።