ትሎች ሁሉ በአንድ ዓምድ?

ስለ ወንዞች ጤንነት የሚጻፉ የድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን የነፍሳት እጮችን በየቤተሰባቸው ለይተው ያቀርባሉ። ትሎቹን ግን «ኦሊጎኬታ» ወይም «ኔማቶዳ» በሚል አንድ ዓምድ ጠቅልለው ያልፋሉ። ከሳነቴ አምባ ወደ ጎባ በሚወርደው የቶጎና ወንዝ ላይ የሚሠራ ተማሪ ይህንኑ ልማድ ቢከተል የሚወቅሰው ፈታኝ አይኖርም። በእኔ እምነት ግን ሊወቀስ ይገባል። የተለመደው የናሙና መረብ ቀዳዳ 0.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አብዛኞቹ ኔማቶዶች ሾልከው እዚያው ወንዙ ውስጥ ይቀራሉ። «አልተገኙም» የምንለው ያልፈለግነውን ነው።

ሥራው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እዩዓለም አበበ ከቤልጅየማዊው ኦጉስት ኮማንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የአገራችንን የውኃ ኔማቶዶች በተከታታይ ጽሑፎች ገልጸዋል፤ ሞንሂስትሬላ ከተባለው ጂነስ ብቻ በርካታ አዳዲስ ዝርያዎችን ሰይመዋል።

የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ ትል በግሊሰሪን ተነክራ በስላይድ ላይ ትቀመጣለች። ርዝመቷ ለውፍረቷ፣ ለጉሮሮዋና ለጅራቷ ርዝመት እየተካፈለ ኔዘርላንዳዊው ደ ማን ያስለመዳቸው ሦስት ንጽጽሮች ይወጣሉ። የአፏ ጎድጓዳና የወንዱ የመራቢያ እሾህ ቅርጽ ይሣላል። አንዲት ትል አትበቃም፤ የዝርያው የውስጥ ልዩነት እስኪታይ ብዙዎቹ መለካት አለባቸው። (በአንዳንድ ዝርያዎች ወንድ ጭራሹን አይገኝም፤ ይህም ራሱ መረጃ ነው።) በመጨረሻ ሆሎታይፕ የሚባለው የስሙ ዋቢ ናሙና ተመርጦ፣ ሌላ ተመራማሪ ሊያየው በሚችልበት ስብስብ ይቀመጣል።

«ዘመኑ የዲኤንኤ ነው» የሚለውን ተቃውሞ አልንቀውም። በሐረና ደን የተገኘችው ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ የተባለች እንቁራሪት እ.ኤ.አ. በ1991 ተሰየመች፤ የየትኛው ቤተሰብ አባል እንደሆነች የለየው ግን በ2014 የታተመ የዘረመል ጥናት ነው። ሆኖም ጥናቱ የተነሣው ስምና መግለጫ ካላት እንስሳ ነው። እርሷም ሆነች በ1989 የተገለጸችው የዚያው ደን ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ ዛሬ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ መመዝገባቸውን የምናውቀው፣ ማን የት እንደነበረ አስቀድሞ ስለተጻፈ ነው። የቶጎና ትሎች ቢጠፉ ግን በሠንጠረዣችን ላይ አንድ ቁጥር ከማነሱ በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች የአንድን ዝርያ የተሟላ መግለጫ እንደ ሙሉ የማስተርስ ሥራ ይቀበሉ። ተማሪውም በመጽሔት ያሳትመው፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ የቀረበ አዲስ ስም በእንስሳት ስያሜ ሕግ ፊት በአብዛኛው እንደታተመ አይቆጠርምና። ስብስቡስ የት ይቀመጥ? በግሊሰሪን የተዘጋጀ ስላይድ ማቀዝቀዣ አያሻውም፤ ደረቅ ቁም ሣጥን፣ መዝገብና መዝገቡን የሚጠብቅ ሰው ይበቃዋል። ይህን ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሊጀምረው ይችላል።