ተራው የገበያው፣ ሱቁ የነጋዴው፦ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ዴስክቶፕ በስክሪፕት ስለማሰናዳት

በመርካቶ የንግድ ሕንፃዎች ፎቆች ላይ ባሉ የአስመጪዎች፣ የጅምላ አከፋፋዮችና የሒሳብ ሥራ ቢሮዎች ኮምፒውተርን ለሥራ ማሰናዳት በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው። የአይሲቲ ባለሙያው ፍላሹን ይዞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዘዋወራል፤ የአማርኛ ፎንት ይጭናል፣ ፕሪንተር ያገናኛል፣ የሒሳብ ፕሮግራሙን ምልክት ዴስክቶፑ ላይ ያኖራል። ዐሥር ኮምፒውተሮች ባሉበት ቢሮ ይህ ዐሥር ጊዜ የሚደገም፣ በዐሥረኛውም ላይ አንድ ነገር የሚዘነጋበት ሥራ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ካበቃ ወዲህ ደግሞ ኮምፒውተሮችን እንደ አዲስ የማሰናዳቱ ጉዳይ ከብዙ ቢሮዎች ደጃፍ ደርሷል።

መፍትሔው በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሥራውን በስክሪፕት መጻፍ። አንድ ጊዜ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ሳይታክትና ሳይዘነጋ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ይፈጽማል። በዚህ የሚከራከር የለም። ሊያከራክር የሚገባው፣ ነገር ግን እምብዛም የማይነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ስክሪፕቱ እስከ የት ድረስ ሊያዝ ይገባዋል? ዴስክቶፕን በስክሪፕት ማሰናዳት ከቴክኒክ ሥራነቱ ይልቅ የቢሮ ደንብ ማውጣት ነው፤ ደንብ ደግሞ ወሰንና ባለቤት ያስፈልገዋል።

መርካቶ ራሱ ለዚህ ወሰን ጥሩ አብነት ይሆናል። ገበያው ለእንግዳ ዓይን ትርምስ ቢመስልም ለሚያውቀው ሰው በተራ የተደለደለ ነው። ሸማ የፈለገ ሸማ ተራን፣ በርበሬ የፈለገ በርበሬ ተራን፣ ያገለገለ ብረታ ብረት የፈለገ ምናለሽ ተራን ይጠይቃል። ተራው የጋራ ነው፤ ማንም ነጋዴ ብቻውን አያፈልሰውም። ከሱቁ ደፍ ወዲያ ግን የትኛው ጣቃ ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚቀመጥ የሚያውቀው ባለሱቁ ነው። ገዢ ቆሞ ሳለ እጁ ሳይፈልግ የሚያነሣው፣ ራሱ ስላስቀመጠው ነው።

የዴስክቶፕም ነገር ከዚህ አይርቅም። ቶማስ ማሎን እ.ኤ.አ. በ1983 ሰዎች የሥራ ጠረጴዛቸውን እንዴት እንደሚያደራጁ ባጠናበት ጽሑፉ፣ ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ወረቀት ሁልጊዜ የዝርክርክነት ምልክት እንዳልሆነና ያላለቀ ሥራን የማስታወስ አገልግሎት እንዳለው አሳይቷል። ዲቦራ ባሮና ቦኒ ናርዲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት ተመሳሳይ ነገር በኮምፒውተር ላይ ተመልክተዋል፤ ተጠቃሚዎች ፋይልን በስሙ ከመፈለግ ይልቅ ካስቀመጡበት ቦታ ሄደው ማግኘትን ይመርጣሉ፣ የቦታው አቀማመጥም ራሱ ያስታውሳቸዋል። እንግዲህ በግራ ጥግ የተደረደሩት አምስት ፋይሎች ለሒሳብ ሠራተኛዋ ገና ያልተወራረዱ ደረሰኞች ሊሆኑ ይችላሉ። «ዴስክቶፑን አጽዳ» የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ ፋይሎቹን ባያጠፋና ወደ ሌላ ፎልደር ቢያዛውራቸው እንኳ ማስታወሻዋን ፍቆታል። ባለሙያው ምንም አልጠፋም ብሎ ሲምል እውነቱን ነው፤ እሷም ሥራዬ ጠፋ ስትል እውነቷን ነው።

የሚገርመው፣ ዊንዶውስ ይህን ልዩነት አስቀድሞ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ለሁሉም ተጠቃሚዎች የሚታየው የጋራ ዴስክቶፕና የእያንዳንዱ ተጠቃሚ የግል ዴስክቶፕ በሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ይቀመጣሉ፤ በስክሪኑ ላይ ግን ተደርበው አንድ ሆነው ይታያሉ። የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ የጋራ ፎልደሩንና የደረሰኝ ማተሚያውን ምልክት በጋራው ላይ ያስቀመጠ ስክሪፕት የማንንም የግል አደረጃጀት አይነካም፤ ተራ ተጠቃሚም ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ አይሰርዘውም። ሌላውን የመነሻ አደረጃጀት በነባሪው የተጠቃሚ ፕሮፋይል ላይ ማኖር ይቻላል፤ ይህ አዲስ ተጠቃሚ ሲከፈት ብቻ የሚቀዳ በመሆኑ ነባሩን አያውክም። ጀማሪ ባለሙያዎች ግን በብዛት የሚጽፉት ወደ አሁኑ ተጠቃሚ ሬጂስትሪ ነው፤ ስክሪፕቱ በአስተዳዳሪ ስም ከተነሣ ታዲያ የሚለወጠው የአስተዳዳሪው ዴስክቶፕ ይሆንና የሠራተኛዋ እንደነበረ ይቀራል።

ወጥነትን የሚደግፉ ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም። ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ከሆነ በስልክ ለመርዳት ይመቻል፤ «ከላይ በስተግራ ያለውን ተጫን» ማለት ይበቃል። ብዙ ሰው እየተፈራረቀ በአንድ የተጠቃሚ ስም በሚሠራበት የሽያጭ መደብ ላይ ክርክራቸው ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፤ እዚያ የግል የሚባል ሱቅ የለም። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወንበር ለሚቀመጥ ሠራተኛ ግን የጋራው ዴስክቶፕ የሚሰጠው ወጥነት ለስልኩ እርዳታ ይበቃል።

ስክሪፕት ሊያዝበት በሚገባው በጋራው ጉዳይ ላይ ደግሞ ከውጭ የተቀዳ ናሙና ሁሉ የሚጎድለው ነገር አለ፤ ፊደሉ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የፓወር ግዕዝና የቪዡዋል ግዕዝ እትሞች በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የግዕዝን ቅርጽ ይደርቡ ነበር። በእነዚያ የተጻፈ ውል ወይም ደብዳቤ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ የላቲን ቁምፊ ብቻ ነው። «አላስፈላጊ ፎንቶችን አስወግድ» የሚል የጽዳት ስክሪፕት ስለዚህ አንድም ፋይል ሳይነካ የአንድን ቢሮ የቀድሞ መዝገብ የማይነበብ ሊያደርግ ይችላል። ኒያላም የራሱ ጣጣ አለው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ይህ ፎንት በዊንዶውስ 10 ወደ ተጨማሪ አማራጮች ተዛውሯል፤ አዲስ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ቦታውን ኢብሪማ ይተካና መስመርና ገጽ ይዛነፋል። ቀድሞ በታተመ ቅጽ ላይ ለሚሞላ ቢሮ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አማራጩን የሚያስጭን አንድ መስመር ስክሪፕቱ ውስጥ ቢኖር ግን ችግሩ አይነሣም።

ስክሪፕቱ ራሱ አማርኛ ሲይዝም እንዲሁ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 መለያ ምልክት ያልተደረገበትን ፋይል በአሮጌው የኮድ ገጽ ያነበዋል፤ አማርኛ ደግሞ በዊንዶውስ ውስጥ እንዲህ ያለ የኮድ ገጽ ኖሮት አያውቅም። ውጤቱ «ደረሰኝ» ሊባል የታሰበው ፎልደር በተመሰቃቀለ ቁምፊ መሰየሙ ነው። ፋይሉን ከነመለያው በዩቲኤፍ 8 ማስቀመጥ፣ ወይም በፓወርሼል 7 መሥራት ይበጃል። የተለመደው የሾርትከት መፍጠሪያ መሣሪያም የአማርኛ ስም በቀጥታ አይቀበልም፤ በላቲን ስም ፈጥሮ ከዚያ ስሙን መለወጥ ግድ ይሆናል። ብዙ ባለሙያዎች እዚህ ሲደርሱ ተስፋ ቆርጠው ሁሉን በእንግሊዝኛ ይሰይማሉ፤ ደንቡን የሚጠቀምበት ሰው ቋንቋ በሁለት መስመር ስንፍና ከዴስክቶፑ ይወጣል።

ሰዓቱና ዘመኑም አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲነሣ የተፈለገ ስክሪፕት በኮምፒውተሩ ላይ 3 ሰዓት ተብሎ ከተመዘገበ የሚነሣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ያድራል፤ ያመለጠው ሥራ ሲበራ እንዲጀመር ከታዘዘም ጠዋት ደንበኛ ፊት ይጀምራል። ፓወርሼል የቆመበት ዶትኔት የዕብራውያን፣ የፋርስና የታይላንድ ዘመን አቆጣጠር መሣሪያዎች ሲኖሩት የኢትዮጵያ የለውም፤ የፎልደር ስም ላይ ቀን የሚጽፍ ስክሪፕት 13ቱን ወራት ራሱ ማስላት ይኖርበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል። በእነዚያ ሳምንታት የሒሳብ ክፍልን ዴስክቶፕ የሚነካ ማናቸውም ስክሪፕት፣ የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን፣ ጊዜውን አልጠበቀም።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ይቀራል። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ደንቡ በዶሜይንና በግሩፕ ፖሊሲ ከአንድ ማእከል ይሠራጫል። የዊንዶውስ ሆም እትም ግን ዶሜይን አይቀላቀልም፤ ይህን እትም ይዞ በሚሠራ አነስተኛ ቢሮ ደንቡ የሚኖረው በባለሙያው ፍላሽ ላይ ነው። ባለሙያው ሲለቅ ደንቡም አብሮት ይለቃል፤ አንዳንዴም በስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ የተጻፈው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ጭምር። ስክሪፕቱ የይለፍ ቃል ሳይዝ፣ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ማብራሪያ ተጽፎበት፣ የተሻሻለበት ቀን ተመዝግቦ፣ እንደማንኛውም የቢሮ ሰነድ በርክክብ ሊሰጥ ይገባዋል። አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ቢቀመጥ ደግ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ሱቆችን ከነንብረታቸው በልቷል፤ እንዲህ ካለ አደጋ በኋላ አዲስ ኮምፒውተር ይገዛል፣ የመረጃ ቅጂ ካለ ይመለሳል። ማተሚያው በየት በኩል እንደተገናኘ፣ የትኛው አሮጌ ፎንት ለየትኛው መዝገብ እንደሚያስፈልግ፣ የጋራው ፎልደር ማን እንደሚባል ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የሚገኘው ስክሪፕቱ ውስጥ ነው።