የሞተሩ ድምፅ ለሞተረኛው ብቻ የሚተው አይደለም

አንድ የገበሬ ማኅበር የወፍጮ ወይም የመስኖ ፓምፕ ሞተር ሲገዛ ዋጋውንና የፈረስ ጉልበቱን አጣርቶ ይጠይቃል። ሞተሩ በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቅ የአመራር አባል ግን ጥቂት ነው። ከተተከለ በኋላም ነገሩ ሁሉ ለሞተረኛው ይተዋል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ፓምፑ ቆሞ ሽንኩርቱ ሲጠወልግ፣ ወይም እናቶች እህል ተሸክመው ወደ ሌላ ቀበሌ ሲጓዙ ነው። ይህ አሠራር መለወጥ ይኖርበታል።

የቤንዚን ሞተር ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ከሠራው ባለ አራት ምት ሞተር የመጣ ነው። ፒስተኑ በመጀመሪያው ምት አየርና ነዳጅ ይስባል፤ በሁለተኛው ያምቃል፤ በሦስተኛው የካንዴላው ብልጭታ ያቀጣጠለው ነዳጅ ይገፋዋል፤ በአራተኛው ጭሱን ያስወጣል። የናፍጣ ሞተር ምቶቹ ያው ቢሆኑም ካንዴላ የለውም። ሌላው ጀርመናዊ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ በተሳካ ሁኔታ ያስነሳው ሞተር አየሩን ብቻውን አጥብቆ ያምቃል። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ፓምፑ እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል። ናፍጣው በጋለው አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ይህን ግፊት ለመቻል ብረቱ ወፍራም መሆን ስላለበት ሞተሩ ከባድና ውድ ነው። ሆኖም ለተመሳሳይ ሥራ የሚፈጀው ነዳጅ ያነሰ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ለሚፈጭ ወፍጮ ከእሱ የተሻለ የለም። ሁለት ሰው ተሸክሞ ወንዝ ዳር ለሚያወርደው አነስተኛ ፓምፕ ደግሞ ቤንዚኑ ይመረጣል።

የድምፃቸው ልዩነትም ከዚሁ ይመነጫል። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩሳል። ባለ አንድ ሲሊንደሩ የእንግሊዝ ሊስተር በደቂቃ 650 ዙር ሲዞር 325 ጊዜ ይተኩሳል፤ ይኸውም በሴኮንድ አምስት ያህል ስለሆነ ዱክ ዱክ የሚለው ምቱ ተለይቶ ይሰማል። 3,600 ዙር የሚዞር የቤንዚን ፓምፕ ግን በሴኮንድ 30 ጊዜ ስለሚተኩስ እንደ ንብ መንጋ ያጉረመርማል እንጂ ምቱ አይለይም።

የናፍጣ ሞተር ጠዋት ሲነሳ ቢያንኳኳ አያስደነግጥም፤ ሲሞቅ ይለዝባል። ከሞቀ በኋላ፣ ያውም ሥራ ሲበዛበት፣ እንደ መዶሻ የሚመታ ከሆነ ግን ዘይቱ አንሷል ወይም ብሮንዚናው ተበልቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መቆም አለበት። ፓምፑ ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ የሚመስል ድምፅ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የመሳቢያ ቱቦው መዘጋት ወይም ከውሃው በላይ ብዙ ከፍ ብሎ መተከሉ ነው። ለዚህ መካኒክ ከከተማ ማስመጣት የማኅበሩን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሁሉ የከፋው ችግር ሌላ ነው። ሞተረኛው ድምፁ መለወጡን ሰምቶ ሞተሩን ሲያቆም ተራ ጠባቂው ይጮህበታል፤ ሊቀመንበሩም የዕለቱ ገቢ ቀረ ብሎ ይቆጣዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ስለዚህ ሞተረኛው ማንንም ሳያስፈቅድ ሞተሩን የማቆም ሥልጣን እንዳለው በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር ይገባል። የተሠራበት ሰዓት፣ ዘይት የተለወጠበት ቀንና የተሰማው የድምፅ ለውጥ በአንድ ደብተር ይመዝገብ፤ ደብተሩንም የቁጥጥር ኮሚቴው ከገንዘብ ሂሳቡ ጋር አብሮ ይመርምር።