ችሎት ያልቀረበው ሕግ

ብሪታንያ ከ1788 ጀምሮ ለ80 ዓመታት ወደ አውስትራሊያ ካጋዘቻቸው 160 ሺህ ያህል ግዞተኞች ውስጥ 25 ሺህ ገደማው ሴቶች ናቸው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር የሚከተለው ሐሜት አንድ ነው፤ ሴተኛ አዳሪዎች ነበሩ ይባላል። ሐሜቱ መዝገብ ፊት አይቆምም። ሴተኛ አዳሪነት በግዞት የሚያስቀጣ ወንጀል አልነበረም። አብዛኞቹ የተጋዙት ከአሠሪ ቤት ልብስ፣ ከሱቅ ጨርቅ ሰርቃችኋል ተብለው ነው።

ታዲያ ስሙን ማን አወጣላቸው? ቄስ ሳሙኤል ማርስደን በ1806 የቅኝ ግዛቷን ሴቶች ሲመዘግብ፣ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያላገባችውን ሁሉ «ቁባት» ብሎ ጻፈ። በካቶሊክ ሥርዓት የተዳረችው አየርላንዳዊትም፣ ከአንድ ሰው ጋር ለዓመታት ልጆች ያሳደገችውም በእሱ ብዕር አንድ ሆኑ። የታሪክ ምሁሯ ዲቦራ ኦክስሊ በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ የግዞተኞቹን መዝገብ ስትመረምር ግን ያገኘችው ሙያ ያላቸውን ሠራተኞች ነው።

ዛሬ ደግሞ ስድቡ ተገልብጦ «የአገር እናቶች» የሚል ውዳሴ መጥቷል። ምስክር ተደርጋ የምትጠራው ሜሪ ሬይቢ ናት። በልጅነቷ በፈረስ ስርቆት ተፈርዶባት በ1792 ሲድኒ ገባች፤ የመርከቦች ባለቤትና ታላቅ ነጋዴ ሆነች፤ ምስሏም በ20 ዶላር ኖት ላይ ታተመ። ስኬቷ የራሷ ነው። የግዞት ፍሬ ሲደረግ ግን ቅጣቱ ውለታ ይመስላል። ስድቡ «የእጃቸውን አገኙ» ይላል፤ ውዳሴው «በጃቸው» ይላል። ሁለቱም ሕጉን በነጻ ያሰናብቱታል።

የሕጉን ሥራ እንይ። ወንዱ ቅጣቱን ሲጨርስ በመርከበኝነት እየሠራ መመለስ ይችል ነበር። ሴቷ መሳፈሪያዋን መክፈል ነበረባት፤ ከየት አምጥታ? የ7 ዓመቱ ፍርድ ለብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ሆነ። ሆባርት በሚገኘው ካስኬድስ፣ «የሴቶች ፋብሪካ» በተባለው እስር ቤት፣ ጡት የጣሉ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ይነጠሉ ነበር፤ ብዙዎቹም እዚያው አለቁ። በፓራማታው ፋብሪካ የታሠሩት ደግሞ በ1827 ቀለባቸው ሲቀነስባቸው በር ሰብረው ወጡ።

ስለዚህ የሴቶቹን ጨዋነት መመርመር ይብቃ። ጥቂት ክንድ ጨርቅ የወሰደችን ሴት ከአገሯና ከልጆቿ መንጠል ፍትሕ ነበር ወይ? አልነበረም። ሴትዮዋ ቅድስት ብትሆንም ባትሆንም መልሱ አይለወጥም።