ሎሚውን ለሻይ እናስቀምጠው



ልጆቻችን ፊት ላይ ብጉር መውጣት ሲጀምር አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ማድቤት ነው። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ካልሆነም የጥርስ ሳሙና። እኔም ያው ነኝ። ባለፈው ሰመር ለ14 ዓመት ልጄ ሎሚ ቆርጬ የሰጠኋት እኔው ነኝ፤ እናቴ ለእኔ ታደርግልኝ የነበረውን ማድረጌ ነው። ልጅቷ ተቀብታ ፀሐይ ላይ ዋለች። ማታ ጉንጯ ቀልቶ ያቃጥላት ጀመር። ብጉሩ በሁለት ሳምንት ጠፋ፤ ሎሚው የተወው ጥቁር ምልክት ግን እስካሁን አልለቀቀም።

ነገሩ ምክንያት አለው። ቆዳችን በጥቂቱ አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ በተቃራኒው ከ8 በላይ። ሁለቱም ቆዳን ያስቆጣሉ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ውሃ እስከ መቋጠር ሊደርስ ይችላል። ነጭ ሽንኩርትም ተለጥፎ ከቆየ ያቃጥላል። እንደኛ ጠየም ያለ ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። «ካቃጠለ እየሠራ ነው» እንላለን አይደል? ማቃጠሉ ራሱ እኮ ነው ጉዳቱ።

«እኛም በዚሁ አድገናል፣ ምን ሆንን?» ትሉ ይሆናል። እስቲ መስታወት ፊት ቆማችሁ የድሮውን ጠባሳ ፈልጉት። (ከማር ጋር ጠብ የለኝም፤ ተቀብቶ ቢታጠብ የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው።)

ከሎሚው ይልቅ የሚያስፈራኝ በሻንጣ የሚመጣው ክሬም ነው። ቱቦው ላይ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው። መጀመሪያ ፊትን ያጠራ ይመስላል፤ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ይብሳል። እባካችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ስሙን አንብቡ። የፀጉር ቅቤና ቅባትም ግንባር ላይ ሲወርድ ብጉር ያባብሳል፤ ግንባሯ ላይ ብቻ የሚወጣባት ልጅ ካለቻችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ታዲያ ምን እናድርግ? እዚህ አሜሪካ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ አዳፓሊን 0.1% ጄልም ከ2016 ጀምሮ እንዲሁ። ከቤንዞይሉ 2.5% በቂ መነሻ ነው። ጨርቅ ስለሚያነጣ ነጭ የትራስ ልብስ አድርጉ። አዳፓሊን በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ሁለቱም ቆዳን ሊያደርቁ ስለሚችሉ በአንዱ፣ በጥቂቱ፣ አንድ ቀን እያለፉ መጀመር ይሻላል፤ ጠዋት ደግሞ የፀሐይ መከላከያ። ውጤቱ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በ10ኛው ቀን ጥለነው ወደ ሎሚው እንመለሳለን። ብጉሩ ጠልቆ የሚያምና የሚያብጥ ከሆነ፣ ወይም ጠባሳ እየተወ ከሆነ ግን ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። በእንግዳ ፊት «ፊትሽን ምን ነካው?» ማለቱን ብንተወው ደስ ይለኛል። የኔዋ አያቷ በቪዲዮ ሲደውሉ ካሜራውን ወደ ጣሪያ ታዞራለች። እናቴ ደግሞ ከዚያ ማዶ ሆና «ሎሚ አትቀቧትም እንዴ?» ትላለች።